ለማይሰማው ሕፃን ቋንቋ ይቅደም፤ መሣሪያው ይከተል

ሰው ከሌሎች ፍጡራን ተለይቶ ሰው ከተባለባቸው ነገሮች አንዱና ዋነኛው ቋንቋው ነው። ሕፃን እናቱን የሚጠራው፣ ፍርሃቱንና ደስታውን የሚገልጸው፣ ጎረቤቱንና አገሩን የሚያውቀው በቋንቋ አማካይነት ነው። ይህ ጸጋ ለአብዛኞቻችን ያለ ድካም የተሰጠን በመሆኑ ዋጋውን አናስተውለውም። ዋጋው የሚታወቀው በጎደለበት ቤት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በከተማችን በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ በአጠገባችን የነበረ አንድ ወታደር ወደ ቤተሰቡ ስልክ ደወለ። በመጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገረ። ቀጥሎም ልጆቹ ስልኩን እየተቀባበሉ አነጋገሩት። ትልቋ ስለ ፈተናዋ ነገረችው፤ ትንሹ ጫማ እንዲገዛለት ለመነው። በመጨረሻ ወታደሩ፣ «መካከለኛውስ ደኅና ነው?» ሲል ባለቤቱን ጠይቆ መልሱን ከሰማ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ፊቱ ላይ ያየነውን ቅሬታ ምክንያት ስንጠይቀው፣ «እሱ ልጄ አይሰማም፤ ምን ብዬ ላነጋግረው?» አለን።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩን ስናሰላስለው ቆይተናል። ወታደሩ የያዘው ስልክ ካሜራ ያለው፣ ድምፅንና ምስልን አንድ ላይ የሚያስተላልፍ፣ ዛሬ በየመንደሩ የሚታይ ዓይነት ስልክ ነበር። ስለዚህ የጎደለው መሣሪያ አልነበረም። የጎደለው አባትና ልጅ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ነው። መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ጥያቄ «ምን መሣሪያ እንግዛላቸው?» የሚል ነው። በእኛ እምነት ግን ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ «ምን ቋንቋ ሰጠናቸው?» የሚለው ነው። መሣሪያ የቋንቋ ማጓጓዣ እንጂ ራሱ ቋንቋ አይደለም። ባዶውን የመጣ መኪና የቱንም ያህል ቢፈጥን ለሚጠብቀው ሰው የሚያራግፍለት ነገር የለውም።

በዚህ ጉዳይ የገዛ ንግግራችን እንኳ ፍርደ ገምድል ሆኖ ኖሯል። ጆሮው የማይሰማውንም ሰው፣ ነገር የማይገባውንም ሰው በአንድ ቃል «ደንቆሮ» ስንል ኖረናል። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም በመጥራታችን ብቻ፣ የማይሰማ ሁሉ የማያስብ ነው የሚል የተሳሳተ ግምት ከልጅነታችን ጀምሮ በአእምሯችን ተቀርጿል። የማይሰማ ልጅ ያለው ወላጅም ኀፍረት እየተሰማው ልጁን ከእንግዳ ዓይን ሲሸሽግ ይታያል። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። የተደበቀ ልጅም ቋንቋ አይገኝለትም።

የችግሩ ስፋት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ በመስማት ችግር ምክንያት እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ 34 ሚሊዮኑ ልጆች ናቸው። ከልጆቹ የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ አስቀድሞ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። የማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የምትያዝበት የሩቤላ በሽታ፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ ምግል፣ እንዲሁም እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰዳቸው በዋናነት ይጠቀሳሉ። አገራችን የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከሚያጠቃቸው የአፍሪካ አገሮች ተርታ የምትገኝ በመሆኗ ይህ ምክንያት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በክትባት ቀን ልጁን ይዞ የሚወጣ ወላጅ የልጁን ሕይወት ብቻ ሳይሆን ጆሮውንም እየጠበቀ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

መከላከል ባልተቻለበት ጊዜስ? እዚህ ላይ አንድ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ የተደረጉ ቆጠራዎች እንዳሳዩት መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ ከ9 የማያንሱት የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ይህም ማለት ሕፃኑ የሚወለደው የእሱን ዓይነት ሰው አይቶ በማያውቅ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። እናት ታወራለታለች፤ አይደርሰውም። አባት ይጠራዋል፤ አይዞርም። የሚሰማ ሕፃን እናት ከጎረቤት ጋር ስታወጋ፣ ነጋዴ ሲከራከር፣ አያት ተረት ሲያወሩ በአጠገብ ሆኖ ብቻ በየቀኑ ብዙ ቃላት ይለቅማል። የማይሰማው ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ከዚህ ሁሉ ተቋዳሽ አይሆንም። እጁን ወደ ውኃው እየዘረጋ ጥማቱን፣ ሆዱን እየያዘ ረኃቡን ይናገራል። ትናንት የሆነውን፣ ነገ የሚሆነውን፣ አባቱ የት እንደ ሄደና መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅበት ግን የለውም።

ቋንቋ ደግሞ ጊዜ አለው። ማሳ ካለፈ ወቅቱ በኋላ ቢዘሩበት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ የሕፃን አእምሮም የመጀመሪያ ቋንቋውን በሙላት የሚይዝበት ወቅት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ናቸው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ የመስማት ችግራቸው 6 ወር ሳይሞላቸው ታውቆ እርዳታ የተደረገላቸው ሕፃናት ዘግይተው ከታወቁት ይልቅ በቋንቋ እጅግ ልቀው መገኘታቸውን አረጋግጧል። ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ የተፈጥሮ ብልህነት ወይም የወላጆቻቸው ሀብት ሳይሆን የጊዜው መቅደም ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝለትም።

የልጅ አእምሮ ለቋንቋ ያለውን ጽኑ ፍላጎት ለማየት የኒካራጓን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዚያች አገር እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየቤታቸው ተበታትነው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዋና ከተማዋ በማናጓ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ተገናኙ። መምህራኑ የከንፈር እንቅስቃሴ አይቶ ማንበብን ሊያስተምሯቸው ደከሙ፤ ውጤቱም አመርቂ አልነበረም። ልጆቹ ግን በመጫወቻ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት እያዋሐዱ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። ከእነሱ በኋላ የገቡት ታናናሾች ያንን ተቀብለው ሰዋስዉን አበለጸጉት። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ የመጡት ግን እንደ ታናናሾቹ ሊካኑበት አልቻሉም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው ልጅ ከልጅ ጋር ከተገናኘ ቋንቋ እንደሚወለድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዘገየ ሰው ከገበታው ሙሉ ድርሻውን እንደማያገኝ ነው።

መሣሪያን በተመለከተ ያለፈው ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ስልክን በመሥራቱ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1876 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነበር። እናቱ የመስማት ችግር ነበረባት፤ ሚስቱም በልጅነቷ በሕመም ምክንያት መስማት ያቆመች ሴት ነበረች። እንግዲህ ዓለምን ያቀራረበው ስልክ የተገኘው መስማት የተሳናቸውን ወገኖች በቅርብ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ሆኖም ስልኩ ድምፅን ብቻ የሚያጓጉዝ ስለነበረ ለእነዚሁ ወገኖች ወደ ዘጠና ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተዘጋ በር ሆኖ ቆየ። ቤል ራሱም ልጆቹ በምልክት ሳይሆን በአፍ እንዲናገሩ የሚሻ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 በኢጣልያ ሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራንም የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። በዚያ ጉባኤ ከተገኙት ከ160 በላይ ተሰብሳቢዎች መካከል ራሱ መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። ውሳኔው ስሕተት መሆኑን ጉባኤው ራሱ በይፋ ያመነው ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር ነው። በመካከሉ ስንት ትውልድ እጁ ታስሮ እንደተማረ መገመት አያዳግትም።

ለወታደር አንባቢያችን ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር የተያያዘው ነው። መድፍና ቦምብ ጆሯቸውን የጎዳባቸው በርካታ የአሜሪካ ወታደሮች ከጦር ሜዳ ሲመለሱ፣ በፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት በሚገኘው በዴሾን ወታደራዊ ሆስፒታልና በመሰሎቹ ውስጥ የመስማት ኃይላቸው እየተለካ፣ የመስሚያ መሣሪያ እየተመረጠላቸውና ከንፈር ማንበብ እየተማሩ እንዲቋቋሙ ተደረገ። በዴሾን ይህን ሥራ የመራው ሬይመንድ ካርሃርት ሲሆን፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው የመስማት ምርመራ ሙያ ብዙው መሠረቱ የተጣለው በዚያን ጊዜ ነው። ዛሬ ሕፃናት የሚረዱበት እውቀት አንድ እግሩ የቆመው በቆሰለ ወታደር ጆሮ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በወታደሩና በሕፃኑ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ከመድፍ አጠገብ ውሎ ጆሮው የተጎዳ ወታደር ቋንቋውን አላጣም። ቃሉ ሁሉ በአእምሮው ውስጥ አለ፤ የጎደለው ድምፁ ብቻ ነው። መሣሪያው ግማሹን ቃል ካደረሰለት የቀረውን ግማሽ ከልምዱ ይሞላዋል። የማይሰማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ግን የሚሞላበት ልምድ የለውም። ግማሽ ቃል ቢደርሰው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለአዋቂው መሣሪያ ብቻውን ብዙ ሊሠራ ሲችል፣ ለሕፃኑ ግን ያለ ቋንቋ ብቻውን በቂ አይሆንም። አቋማችን ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ይህን ስንል መሣሪያዎቹን ለማቃለል አይደለም። እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ጤነኛ ጆሮ ራሱ መልሶ ጥቃቅን ድምፅ እንደሚያወጣ ባሳየው ግኝት መነሻነት፣ ዛሬ የተኛ ሕፃን ጆሮ ላይ ትንሽ መሣሪያ በማኖር በደቂቃዎች ውስጥ ማጣራት ይቻላል። የመስሚያ መሣሪያም ጥቂት ለሚሰሙ ልጆች ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን ድምፅን ያጎላል እንጂ የተጎዳን ጆሮ ወደ ነበረበት አይመልስም። ባትሪ ይፈልጋል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ልጁ ባደገ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ አቧራና ላብ ይጎዱታል፤ ጫጫታ ባለበት ክፍልም የመምህሩንና የወንበሩን ድምፅ አብሮ ያጎላል። ባትሪው አልቆ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ልጁን አንዲት ቃል አያስተምረውም።

ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚተከል መሣሪያም እንዲሁ ነው። ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ በቀጥታ ለመስማት ነርቭ ያደርሳል። በ1960ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዊልያም ሀውስ የጀመረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ በብዙ መስመር የሚሠራ አድርጎ አሻሻለው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ም በአሜሪካ ለልጆች ተፈቀደ። በጊዜ ለተተከለላቸው ብዙ ሕፃናት የንግግርን በር ከፍቷል። በተለይ በማጅራት ገትር ምክንያት መስማት ባቆመ ልጅ ላይ የውስጥ ጆሮው በአጥንት ሊደፈን ስለሚችል መፍጠን ግድ ነው። ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው፤ ከተተከለም በኋላ ለዓመታት የሚቀጥል የንግግር ልምምድ፣ ማስተካከያና ጥገና ይጠይቃል። ተራውን ወይም ገንዘቡን እየጠበቁ ሦስት ዓመት ሕፃኑን ያለ ቋንቋ ማቆየት ግን ለተስፋ ሲባል ልጁን ማስራብ ነው። እህሉ እስኪደርስ ለልጅ ቆሎ የማይሰጥ ወላጅ የለም።

ታዲያ ወዲያው የሚገኘው ቋንቋ የትኛው ነው? የምልክት ቋንቋ ነው። ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋን አማርኛን በእጅ መግለጽ ወይም የዘፈቀደ ጥቅሻ አድርጎ ያየዋል። ይህ ስሕተት ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ስቶኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጥናት የምልክት ቋንቋ የራሱ ክፍሎችና ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን አሳይቷል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም እንዲሁ የራሱ ሰዋስው አለው። በዚህ አካባቢ የተደራጀ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 በኤርትራ በከረን ከተማ ስዊድናውያን ሚስዮናውያን በከፈቱት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ መካኒሳ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በሆሳዕና ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል።

ከዚህም ውስጥ በተለይ ልብን የሚያስደስተው የጣት ፊደላችን ነው። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ሰባቱ የፊደል ቤቶች፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት፣ የሚለዩት ያው የእጅ ቅርጽ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። «በ» የሚለውን የያዘ እጅ እንቅስቃሴውን በመለወጥ ብቻ «ቡ»፣ «ቢ»፣ «ባ» እያለ ይወርዳል። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ የዚህን ሥርዓት መልክ ወዲያው ያውቀዋል። የማይሰማው ልጅ በዚህ መንገድ ስሙን፣ የከተማውን ስም፣ የአባቱን ስም ከመጽሐፍ ጋር አገናኝቶ ይጽፋል።

ወታደሩም ቢሆን የእጅን ንግግር ሊንቅ አይገባውም። ድምፅ በማይሰማበት ቅኝት ላይ «ቁም»፣ «ተኛ»፣ «ወደ ግራ ዙር» የሚለውን ትእዛዝ ከጓዱ እጅ አንብቦ ሕይወቱን ያተረፈ ብዙ ነው። እርግጥ ያ ጥቂት ምልክቶች የያዘ ኮድ እንጂ ቋንቋ አይደለም። ነገር ግን ዓይን የጆሮን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ከወታደር የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዋይትብሬክት፣ እሱ ራሱ መስማት የተሳነው ሲሆን፣ የቴሌታይፕ መኪናን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝቶ ጽሑፍ እንዲያስተላልፍ አደረገ። የተዘጋው በር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገረበበ። ይሁን እንጂ ያ መሣሪያ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ግን እጅን፣ ፊትንና ዓይንን አንድ ላይ ያስተላልፋል። ማንበብ ያልጀመረ የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ በርቀት ካለ ሰው ጋር በገዛ ቋንቋው ሊነጋገርበት ይችላል። የአንድ መቶ ዓመት ዕዳ የሚከፈልበት መሣሪያ በእጃችን ገብቷል ማለት ነው።

ነገር ግን በዚህም ላይ ማስጠንቀቂያ አለን። ስልኩን ለሕፃኑ ሰጥቶ ዘወር ማለት ቋንቋ ማስተማር አይደለም። በአሜሪካ የተጠና አንድ ልጅ ነበረ፤ ወላጆቹ መስማት የተሳናቸው፣ እሱ ግን የሚሰማ ነው። ንግግርን ይማራል ተብሎ የታሰበው በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው ዕድሜው 4 ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ እንኳ ንግግሩ የተዛባ ነበር፤ የተስተካከለው አንድ ሰው ቀርቦ ያነጋግረው በጀመረ ጊዜ ነው። የሚሰማ ልጅ ከሣጥን ቋንቋ ካልተማረ የማይሰማውም አይማርም። ቋንቋ የሚያድገው ጠይቆ መልስ በሚያገኝ፣ ስቆ የሚስቅለት ሰው ባለው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ በስልኩ የሚተላለፈው ትምህርት መጀመሪያ ለወላጅ፣ ለአያት፣ ለእኅትና ለወንድም ይሁን። እናት ማታ አምስት ምልክት ከስልክ ተምራ ጧት በቁርስ ሰዓት ከልጇ ጋር ብትጠቀምባቸው፣ መሣሪያው ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

አንዳንዶች «ልጁ ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል» ብለው ይፈራሉ። መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለዱና ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ያደጉ ልጆች በማንበብና በትምህርት ከሌሎቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው ይህን ሥጋት ያቃልለዋል። አንድ ቋንቋ በሚገባ የያዘ አእምሮ ሁለተኛውን ይቀበላል። ትግርኛና አማርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አስተባብረው የሚናገሩ ልጆች በሞሉበት አገር ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሌሎች ደግሞ «ብዙ ችግር ባለበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይላሉ። እኛ የምንጠይቀው አዲስ ሕንጻ ወይም ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያ አይደለም። ስልክ በእጅ አለ። ቋንቋው አለ። ቋንቋውን የሚያውቁ፣ በየከተማው ልብስ የሚሰፉ፣ ጫማ የሚጠርጉ፣ እንጨት የሚሠሩ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች አሉ። የጎደለው እነዚህን ማገናኘት ነው።

ስለሆነም በበኩላችን የሚከተለውን እናሳስባለን። ወላጅ በመጀመሪያ ልጁን ይከታተል። ከጀርባው ሲያጨበጭቡ የማይደነግጥ፣ 6 ወር ሞልቶት ወደ እናቱ ድምፅ የማይዞር፣ በዓመቱ ቃል የማይሞክር ሕፃን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በር ሲዘጋ ስለደነገጠ ብቻ ይሰማል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የመሬቱ ንዝረት ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። «ሲያድግ ይናገራል» የሚለው የጎረቤት ማጽናኛ የስንቱን ልጅ ምርጥ ዓመታት እንደበላ የሚያውቁት በኋላ የሚጸጸቱ ወላጆች ናቸው።

የጤና ሠራተኛው በበኩሉ «ልጅህ አይሰማም» ብሎ በማሰናበት ሥራው እንደተፈጸመ አይቁጠር። በዚያው ቀን ወላጁን የምልክት ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ጋር ያገናኘው። መምህራን አጫጭር ተረቶችን፣ የቤት ዕቃና የምግብ ስሞችን፣ የሰላምታና የጥያቄ ምልክቶችን በስልክ እየቀረጹ ለወላጆች ያድሉ። መረብ በደከመበት ቦታ የተቀረጸውን ከስልክ ወደ ስልክ ማቀባበል ይቻላል። በሚቀረጽበት ጊዜ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፤ ከጀርባ ከመጣ ፊቱ ይጨልማል። ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ፣ በተለይ ሁለቱ እጆችና ፊት፣ ከምስሉ አይውጡ። በምልክት ቋንቋ ቅንድብና ከንፈርም የሰዋስው ሥራ ስላላቸው ፊት የሌለበት እጅ ግማሽ ንግግር ነው።

በሠራዊቱ ውስጥ ያሉ ወንድሞቻችን ደግሞ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የመገናኛ ባለሙያዎች ስልክ አያያዝን፣ ምስል አቀራረጽን፣ ባትሪ አጠባበቅን ለጓዶቻቸው ሊያሳዩ ይችላሉ። የማይሰማ ልጅ ያለው አባት ከጓዶቹ ተደብቆ መቆዘሙን ትቶ አብሮ እንዲማር ሊበረታታ ይገባል። ሳምንት ሙሉ ከተራራ ላይ ወርዶ ስልክ የሚሠራበት ቦታ የሚደርስ ወታደር፣ ያቺን አሥር ደቂቃ ለሦስት ልጆቹ እኩል ማካፈል ይገባዋል። ከተሜውም በገበያና በመንገድ የማይሰማ ልጅ ሲያይ ከማፌዝ ተቆጥቦ ሰላምታውን እንኳ በእጁ ይስጠው። ልጅ ሁሉም ሰው በሚያናግረው ሰፈር ያድጋል፤ ማንም በማያናግረው ሰፈር ግን ዕድሜው ብቻ ይቆጠራል።

ያ በሻይ ቤት ያገኘነው ወታደር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቀን መልስ አለን። ወንድማችን ሆይ፣ ብዙ አትጀምር። «ደኅና ነህ?»፣ «በላህ?»፣ «ትምህርት እንዴት ነው?»፣ «ናፍቀኸኛል»፣ «እመጣለሁ» የሚሉትን አምስት ምልክቶች ተማር። ባለቤትህም ታላቂቱም ልጅህ እነዚያኑ ይማሩ። ከዚያም ስልክህን ከሻይ ብርጭቆው ጋር አስደግፈህ፣ ሁለት እጆችህን ነጻ አድርገህ፣ ፊትህን ወደ ብርሃን አዙረህ ልጅህን ጥራው። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ግራ ይጋባ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ተራውን ይጠብቃል። «እመጣለሁ» የሚለውን ሲያይም፣ አባቱ የሄደው ጥሎት እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ይረዳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከኪሳችን ገብቷል። የቀረው የእጃችንና የልባችን ሥራ ነው፤ እሱም ለነገ የሚባል አይደለም፤ ሕፃኑ ነገ ዛሬ የነበረውን ዕድሜ አይደግመውምና።